ሎሚ የሚበሉት እንግዳ

ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ የነበረው እድፍ ሎሚ መብላት የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ሐረገወይን ሎሚውን ለሁለት ከፍላ፣ ግማሹን ጨው ነክራ፣ እድፉን ክብ ክብ እያደረገች ስትፈትግ ነበር። ጭማቂው በግድግዳው ወደ ታች መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም። ጨውም መርገፍ ነበረበት፤ ምድጃው ላይ አንዲት ቅንጣት አልወደቀችም። ሎሚው እጇ ላይ እየቀለለ ሄደና በመጨረሻ ቅርፊቱ ብቻ ቀራት። ገልብጣ አየችው። ውስጡ በደንብ ተልሷል።

እድፉ መፈተግ ስትጀምር የእጅ መዳፍ ያህል ነበር። አሁን የሰሃን ያህል ሆኗል።

ሐረገወይን አልጮኸችም። የምትጮህ ልጅ አይደለችም። ክፍል ውስጥ መምህሩ ስም ሲጠራ እንኳ "አቤት" የምትለው አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ብቻ በምትሰማው ድምፅ ነው፤ በዚህም የተነሳ ተቀምጣ ሳለ ብዙ ጊዜ ቀሪ ተብላለች። ሁለተኛውንም ግማሽ ጨው ነክራ አስጠጋችለት። ያም አለቀ።

እዚያ ቤት በረኪና አይገባም። የሐረገወይን እናት ዘርፌ አስም አለባት፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ለአስም አይመችም። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ፣ "በረኪና የሚባል ነገር ቤትሽ እንዳይደርስ። ሽታው ብቻ ይጥልሻል፣" ብላታለች። አንድ ጊዜ ጎረቤት ደረጃውን በበረኪና ሲያጥብ እውነትም ጥሏታል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሚጸዳው ኩሽና ውስጥ በሚገኝ ነገር ብቻ ነው። መስታወቱ በአቼቶ በራሰ ጋዜጣ ይወለወላል። የድስት ቂጥ በአመድ ይፈተጋል። የውሃው ጀሪካን ውስጡ አረንጓዴ ሲይዝ አንድ እፍኝ ሩዝና ጨው ተጨምሮበት ይናጣል። ቅባት የያዘ ነገር ሁሉ ደግሞ በሎሚ ይታሻል። ይህን ሁሉ ያስተማሯቸው የጎረቤታቸው እትዬ ወሰንየለሽ ናቸው። ቤቱ በሰፈሩ ንጹሕ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ዘርፌ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ስትረግጥ ደረቷ አብሮ ያፏጫል። ፔዳሉ ድንገት ሲቆም ሐረገወይን የያዘችውን ሁሉ ትታ ጆሮዋን ትሰጣለች። ሲቀጥል እሷም ትቀጥላለች። ከሌሎች ልጆች ጋር ውጭ ቆማ የማታወራውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከግቢው በር ወዲያ ፔዳሉ አይሰማም።

"እማዬ፣ እድፉ ሎሚውን በላው፣" አለች ሐረገወይን በሩ ላይ ቆማ።

"የትኛውን ሎሚ?"

"ትልቁን።"

"ለሰላጣ ያስቀመጥኩትን?"

"አዎ።"

ዘርፌ ጨርቁን ከመርፌው ስር አወጣችና ወደ ኩሽና መጣች። እድፉን አየችው። ከቅርጫቱ ሌላ ሎሚ አንስታ፣ ከፍላ፣ ጨው ነክራ ራሷ ሞከረችው። ሎሚው እስኪያልቅ ያዘችለት። ከዚያ ዱካ ስባ ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ብለሽዋል?"

ሐረገወይን አሰበች። ትናንት ከትምህርት ቤት ተመልሳ ምድጃው ፊት እንደቆመች ሽሮ በልታለች። ስትበላ የሆነ ሰው አጠገቧ የቆመ መሰላት። ዞር ሳትል፣ እጇ ሰሃኑ ላይ እንዳለ፣ አንድ ቃል ተናግራለች።

"'እንብላ' ብያለሁ።"

"ለማን?"

"እንጃ። ሰው ያለ መስሎኝ።"

"እሱስ? 'ይባረክ' አላለም?"

"ምንም አላለም።"

"በቃ፣" አለች ዘርፌ። "ዝም ካለማ እሺ ብሏል ማለት ነው።"

ሰው ሲበላ የደረሰበትን ሁሉ "እንብላ" ይላል። የደረሰውም "ይባረክ" ብሎ ያልፋል። ሁሉም እንደዚያ ስለሚል፣ የሚጋብዘው ሰው ምግቡ ይጎድልብኛል ብሎ አያውቅም። ሐረገወይን በሕይወቷ ስንት ሰው እንብላ ብላለች፤ እሺ ያላት እስካሁን አልነበረም።

"በአቼቶ ላጥፋው?" አለች።

"ጠርተሽ?" አለቻት እናቷ።

አቼቶውን ግን እሑድ ቀመሰው። ጋዜጣውን ነክራ ገና ስታስነካው መጠጠና ጋዜጣውን ደረቅ አድርጎ መለሰላት። አመድ ሞከረችለት፤ አመዱን ሽርጧ ላይ ተፋው። ከሁሉም የሚወደው በጨው የታሸ ሎሚ ነበር። በበላ ቁጥር ይሰፋል፤ እየሰፋም ቅርጽ ያዘ። እትዬ ወሰንየለሽ ወንፊት ሊዋሱ መጥተው ሲያዩት፣ ወንፊቱን እንደያዙ ቆሙ።

"ይሄ ትከሻ ነው፣" አሉ በወንፊቱ ጠርዝ እያመለከቱ። "ይሄ አንገት ነው። ይሄ ደግሞ... ወይ ጉዴ፣ ጉልበት ነው! የተቀመጠ ሰው እኮ ነው። ወንድ ነው ሴት?"

"አልጠየቅነውም፣" አለች ዘርፌ።

"ሎሚ ብቻ ነው የምታበሉት? ሰው በሎሚ ያድራል? ጨጓራው ቢላጥስ?"

"እኛ እኮ ለጽዳት ነበር ያሰብነው፣ እትዬ፣" አለች ሐረገወይን ዝግ ብላ።

"እኔስ ለጽዳት አይደል ያስተማርኳችሁ! ግን መብል ስትቀቡት ግድግዳው ምን ያድርግ?" ወንፊቱን ብብታቸው ስር ሸጎጡ። "ዕድሜው ስንት ይሆን?"

ሦስቱም አተኩረው አዩት። ቤቱ አሮጌ ነው፤ ኖራው ስር ሌላ ኖራ፣ እሱም ስር ሌላ አለ። ከስንተኛው ኖራ እንደመጣ ማወቅ አልተቻለም።

"ከሁላችንም ሳይበልጥ አይቀርም፣" አለች ዘርፌ።

"እንግዲያስ አንቱ ነዋ የሚባሉት፣" አሉ እትዬ ወሰንየለሽ። "ሰውን አብልታችሁ አንተ አትሉም መቼም።"

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እድፉ አንቱ ተባሉ።

ሰኞ ቤት ውስጥ ሎሚ አለቀ። ሐረገወይን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሌላ ሳትገዛ መጣች፤ እንግዳው ምንም ካላገኙ ራሳቸው ይሄዳሉ ብላ አስባ ነበር። አልሄዱም፤ አልከሱምም። የኩሽናው ግድግዳ ከዘርፌ ክፍል ጋር አንድ ነው፤ የስፌት መኪናውም ግድግዳውን ተደግፎ ነው የተቀመጠው። ማክሰኞ የእንግዳው ትከሻ በዘርፌ ክፍል በኩል ወጣ። ረቡዕ ጭንቅላታቸው ከመኪናው በላይ፣ ከዘርፌ ጭንቅላት ትይዩ ሆነ።

የሚበሉት ነገር መቀየሩን ሐረገወይን ያወቀችው በጆሮዋ ነው። ድንች እየላጠች ሳለ ፔዳሉ ቆመ። ቢላዋውን አስቀምጣ አዳመጠች። የእናቷ ደረት እንደወትሮው ያፏጫል። ቢሆንም አልጣማትም፤ ሄዳ በበሩ ተመለከተች። ዘርፌ አፏን ገጥማ፣ ደረቷን ሳታንቀሳቅስ ተቀምጣለች። የሚያፏጨው ግድግዳው ነበር።

ፉጨቱ ሲያበቃ ዘርፌ አየር ሳበች። እሷ ስትጨርስ ግድግዳው ቀጠለ።

"እማዬ፣ ለምን ትንፋሽሽን ትይዣለሽ?"

ዘርፌ ተራዋ እስኪደርስ ጠበቀችና መለሰች። "አልያዝኩም። እሳቸው ይጨርሱ ብዬ ነው።"

"ምኑን?"

"የጀመሩትን።"

"ለአንቺ ይተርፋል?"

"እስካሁን ተርፏል፣" አለች ዘርፌ።

ትንሽ ቆይቶ ግን የእንግዳው ተራ እየረዘመ መጣ። ከምሳ በኋላ ዘርፌ ፔዳሉን ጨርሶ መርገጥ ተወች። ማውራትም ተወች፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ብዙ ተራ ያስፈልጋት ነበር። ከንፈሯ ጠቆረ። ፊቷ ላይ ግን ቅያሜ አልነበረም። አንድ ማዕድ ላይ ሁለት ሰው ቀርቦ፣ አንዱ ሌላው በደንብ እንዲበላ እጁን ሰብሰብ እንደሚያደርገው ዓይነት ነበረች።

ሐረገወይን ስልክ መደወል አትወድም። ያን ቀን ግን ለእናቷ ታናሽ ወንድም ለደምሰው ደወለች። ደምሰው ሽንኩርት የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። "እማዬ ትንፋሽ አጠራት። ግድግዳው ላይ ያለው እድፍ ነው፣" አለችው። ከሁለቱ የሰማው ሁለተኛውን ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ ሳሩ ላይ ያለው ውርጭ ሳይቀልጥ፣ አንድ ጠርሙስ በረኪናና የሽቦ ብሩሽ ይዞ ደረሰ። አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል።

"የታል?"

"ያው ጋሼ፣ ከኩሽናው በር ጀምሮ ነው።"

ደምሰው ኩሽናውን አየ። ቀጥሎ የእህቱን ክፍል አየ። እንግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ሆነዋል።

"ይሄን ያህል እስኪሆን ምን ትጠብቁ ነበር? በሎሚ አሉ! ሎሚ ለሰላጣ ነው። እኔ የሞተር ግራሶ ያስለቀቅኩ ሰው ነኝ፤ ይቺ ምን አላት?"

"ጋሼ፣ እሳቸው..."

"ማናቸው እሳቸው?"

"እንግዳው።"

ደምሰው ሐረገወይንን ለአፍታ አያት። ከዚያ እህቱን አየ። ዘርፌ በጣቷ 'ቆይ' የሚል ምልክት አሳየችው። ግድግዳው ረጅም ፉጨት አፏጨ። ሲያበቃ፣ "ደህና... አደርክ?" አለችው።

ደምሰው ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ። "እሷን ውጭ አውጥተን ነው የምናፈስበት፣" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሽታው አያገኛትም።"

ግራና ቀኝ ብብቷን ይዘው አስነሷት። እስከ በሩ ደፍ ደህና ሄደች። ደፉን አንድ እግሯ ሲያልፍ ቆመች። ተራዋን እየጠበቀች ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግድግዳው ሳበ፤ ተነፈሰ፤ መልሶ ሳበ። የዘርፌ ተራ አልመጣም። ዓይኗ ወደ ላይ መዞር ሲጀምር ተሸክመው መልሰው ከግድግዳው ስር አስቀመጧት። እዚያ ስትደርስ ትንሽ አየር አገኘች።

"ትንፋሿ ያለው እሳቸው ጋ ነው፣" አለች ሐረገወይን።

"እንግዲያ ፈጠን ብዬ ነው የምጨርሰው።" ደምሰው የጠርሙሱን ክዳን ጨበጠ። "ፎጣውን አፏ ላይ ያዢላት።"

"አይከፈትም!"

ከጎረቤት ዶሮዎች ተንጫጩ። እትዬ ወሰንየለሽ ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣ "ማነው የጮኸው?" ብለው ጠየቁ። ሐረገወይን ድምፁ የእሷ መሆኑን ያወቀችው ደምሰው ክዳኑን መልሶ ሲያጠብቀው ነው።

"እሺ፣" አለ። "እሺ። አትቆጪ። ታዲያ ምን ይሻላል ትያለሽ?"

ሐረገወይን ወደ እናቷ አየች። ከዚያ ጠየቀች። "ጋሼ፣ እንግዳ እንዴት ነው የሚሄደው?"

"እንዴት ነው ማለት? ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል።"

"እጃቸውን አላስታጠብናቸውም።"

ደምሰው ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠ። ዘርፌ ዓይኗን ከደነች፤ ያፈረ ሰው እንደሚያደርገው። ያን ሁሉ ቀን ግድግዳውን ሲያጥቡ ሰንብተው፣ አንዳቸውም እንግዳውን እጅ አላስታጠቡም። ምግብ ቀርቦላቸው፣ የሚያስታጥባቸው ሲጠብቁ፣ ሰው ባለመምጣቱ መብላታቸውን ቀጥለዋል። እጁን ያልታጠበ ሰው ከማዕድ እንዴት ይነሳል?

ሐረገወይን ውሃ ለብ አደረገች። ጆጉን ሞላች። ሳፋውን በግራ እጇ፣ ጆጉን በቀኝ እጇ ያዘች፤ የደምሰውን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣለች።

"ለቅባቱ ሎሚ ጠብ አታደርጊበትም?" አለ ደምሰው።

"መብል ይሆናል፣ ጋሼ።"

ግድግዳው ፊት ቆማ ጎንበስ አለች። "ይታጠቡ፣" አለች።

ከኖራው ውስጥ ሁለት እጆች ወጡ። እስከ ክርናቸው ጥቁር ነበሩ፤ ጥፍራቸው ስር ጨው ነበር። ሐረገወይን ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። እንግዳው አልቸኮሉም። መጀመሪያ መዳፋቸውን፣ ቀጥሎ በጣቶቻቸው መሃል ያለውን፣ ከዚያ የእጃቸውን ጀርባ አሹ። ሳፋው ውስጥ የወረደው ውሃ እንደ ከሰል ጠቆረ። ግድግዳው ከጠርዝ ጀምሮ እየነጣ መጣ፤ መጀመሪያ ከጣሪያው ስር፣ ቀጥሎ ከስፌት መኪናው ጀርባ። ጆጉ ሲያልቅ ደምሰው ሳይጠየቅ ሞልቶ አመጣ። ሳፋው ሲሞላም እሱ ነው ወስዶ የደፋው።

"ይበቃል፣ ልጄ፣" አሉ እንግዳው በመጨረሻ። ድምፃቸው የሚያፏጭ ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ። ቤታችሁ ሙሉ ይሁን። የሚጎድልባችሁ ሰው አይኑር።"

"አሜን፣" አለች ሐረገወይን።

"አሜን፣" አለ ደምሰው፣ በእግሩ በረኪናውን ወደ ጥግ እየገፋ።

እንግዳው ተነሱ። ግድግዳው ኖራ በተቀባበት ቀን እንደነበረው ነጭ ሆነ፤ እሳቸው ደግሞ ክፍሉ መሃል ቆመው እጃቸውን በፎጣው ያደርቁ ነበር። ረጅም ናቸው። ፎጣውን አጥፈው መለሱላት። እጃቸው ንጹሕ ነበር፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።

ዘርፌ ነጠላዋን ደረበች። "ልሸኝዎት፣" አለች።

"እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ። እኔ እሸኛቸዋለሁ።"

"አንቺ ብትጠሪያቸውም የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፣" አለች ዘርፌ።

ደፉን አብረው ተሻገሩ። ሐረገወይን በሩ ላይ ቀረች። ውርጩን እየረገጡ ሲሄዱ ታያቸዋለች፤ ተራ በተራ ሲተነፍሱ ትሰማለች። የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እንግዳውን የሚሸኝ ሰው እንደሚያደርገው ዘርፌ ትንሽ መንገድ ልጨምር አለች፤ እንግዳው ተመለሽ አሉ፤ እሷ እምቢ አለች። በሩን ከፍተው ወጡ። ከበሩ ወዲያ የተነጋገሩት አልተሰማም።

"አትመለስም ይሆን?" አለ ደምሰው።

ሐረገወይን ወደ በሩ መሮጥ ስትጀምር ዘርፌ ገባች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ግቢውን አቋርጣ መጣች። ፈጠን ፈጠን እያለች ነበር የምትራመደው። እንደዚያ ስትራመድ ሐረገወይን አይታት አታውቅም። እናቷ ስትቀርብ ሐረገወይን ደረቷን አዳመጠች። ፉጨት የለም። ምንም ድምፅ የለም።

"ሄዱ?" አለ ደምሰው።

"ሄዱ። በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። ሩቅ አገር ነው የሚሄዱት፤ ባዶ እጃቸውን መስደድ ነውር መሰለኝና ስንቅ ሰጠኋቸው።"

"ምን ስንቅ?" አለች ሐረገወይን። "ምንም ይዘሽ አልወጣሽም፣ እማዬ።"

"የነበረኝን ነዋ፣" አለች ዘርፌ፣ የልጇን አንገት በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች። "ምነው ተንቀጠቀጥሽ? ብርድ ነው፣ ግቢ።"

ብርድ ነበር። ደምሰው "ተመስገን" ሲል ከአፉ ነጭ እንፋሎት ወጣ። ከሐረገወይንም አፍ ወጣ። ዘርፌ በሩ ላይ እንደቆመች ብዙ አወራች፤ እንግዳው ስላሏት፣ ስለሚሄዱበት መንገድ፣ ዛሬ ስለምትጨርሰው ቀሚስ፤ አንድ ጊዜም አላቋረጠችም፤ አየር ለመሳብም አልቆመችም። ከአፏ ምንም አልወጣም። ከአጥሩ በላይ ግን፣ ወደ ዋናው መንገድ በሚወስደው ዳገት፣ ነጭ እንፋሎት ቡልቅ እያለ፣ እየጠፋ፣ ደግሞ ቡልቅ እያለ ይርቅ ነበር፤ ትልቅ ነው፣ የሁለት ሰው ያህል።